219 ያልከው ፋራናይት ነው፤ ሙስታንግህ አልፈላችም

መጀመሪያ ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ወንድማችን ሻርጃ ነው ያለው። የአሜሪካ ስፔክ፣ ማለትም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች የ2016 ሙስታንግ ጂቲ፣ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8፣ ከገዛ ሁለት ወሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዱባይ ሲመለስ አል ኢትሃድ መንገድ ላይ መኪና ተቆላልፎ ቆመ። ኤሲው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ዳሽቦርዱን ቢያይ የሲሊንደር ሄድ ሙቀት 219፣ የዘይት ሙቀት 234 ይላል። ክው አለ። አዲስ አበባ ይነዳት የነበረችው ቪትዝ መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አትልም ነበር። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛው ደግሞ «ቴርሞስታቱን አስወጥተህ ጣለው፣ ትገላገላለህ» ብሎታል። የሚጠይቀው ኖርማሉ ስንት እንደሆነና ቴርሞስታቱን ያስወጣ እንደሆነ ነው።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን በር፣ አትንካ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ያየኸው ቁጥር ፋራናይት ነው። የአሜሪካ መኪና ስለሆነች ነው እንጂ ከሴቲንግ ገብተህ ወደ ሴልሺየስ መቀየር ትችላለህ፤ ዛሬውኑ ቀይረው፣ ግማሹ ድንጋጤ እዚያው ይቀራል። 219 ፋራናይት ማለት 104 ዲግሪ ነው። 234 ደግሞ 112። በነሐሴ፣ ውጭው 45 ዲግሪ ሆኖ፣ ኤሲ በርቶ፣ መኪናዋ እየተንፏቀቀች 104 እና 112 ማየት ለዚህ ሞተር ምንም ማለት አይደለም። እኔ ጋ ብትመጣ ኮፈኑን ሳልከፍት እመልስህ ነበር። ደህና፣ ከፍቼ አይ ነበር፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው፣ እሱንም እነግርሃለሁ።

ስለ ቪትዟ መርፌ ልንገርህ። ውሸታም ናት። የቪትዝ ብቻ አይደለችም፣ የአብዛኛው የዘመኑ የቤት መኪና መርፌ እንደዚያው ነው። ድሮ መርፌው እውነቱን ሲናገር ሰው ዳገት ላይ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጋራዥ እየመጣ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ አምራቾቹ በሶፍትዌር አሰሩት። ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 105፣ መርፌው መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ስካነር ሰክቼ ብዙ ጊዜ ለደንበኛ አሳይቻለሁ፤ ስክሪኑ ላይ 86፣ 93፣ 101 እያለ ይወጣል፣ መርፌው ግን ፎቶ ይመስላል። ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው የሚነሳው። ሙስታንግህ ጌጅ ሞድ ውስጥ ትክክለኛውን ቁጥር ስለምትሰጥህ ነው የፈራኸው። ቪትዟም 100 ትገባ ነበር፣ አልነገረችህም እንጂ።

አሁን «ውሃ በ100 ይፈላ የለ እንዴ፣ 104 ሲሆን እንዴት አልፈላም?» ማለትህ አይቀርም። ባዶ ውሃ፣ ክፍት ድስት ውስጥ፣ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርክ። አዲስ አበባ ላይ እንዲያውም ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ድስት የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ግን ድስት አይደለም። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፣ በአብዛኛው መኪና ከ1 ባር ትንሽ ከፍ ያለ። ውሃው ላይ ደግሞ ኩላንት ግማሽ በግማሽ አለበት። ሁለቱ ሲደመሩ የመፍያው ነጥብ ወደ 130 ዲግሪ ይጠጋል። ያም የሚሆነው ክዳኑ ግፊት ከያዘ፣ ኩላንቱም ኩላንት ከሆነ ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ካረጀ፣ ወይም ያለፈው ባለቤት የቧንቧ ውሃ ሲጨምር ከኖረ፣ ያ ሁሉ ትርፍ የለህም። የአንድ ክዳን ዋጋ ምሳ ነው፤ ለውጠው።

ለምን ግን አምራቾቹ ሞተሩን እንዲህ እንዲሞቅ ይፈልጋሉ? ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ መፋተግ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ በደንብ ይተናል፣ ጭሱም ይጠራል። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል። ቢኤምደብሊው በዚህ ከሁሉም ገፍቶበታል። ቴርሞስታቱን ኮምፒውተር ያዝዘዋል፤ ቀስ ብለህ ስትነዳ ውሃውን ሆን ብሎ ከ105 በላይ ያወጣዋል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። ነዳጁን ስትረግጠው ደግሞ ወደ 90 እና ከዚያም በታች ያወርደዋል፣ ሞተሩ እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ። ልብ በል፣ ስትጋልባት ትቀዘቅዛለች፣ ስትዝናና ትሞቃለች። ይህን ያላወቀ ሰው «ቢኤምደብሊዬ በጸጥታ ስነዳት ትግላለች» እያለ ሲመጣ ስንቴ አይቻለሁ። ያንተዋ ሙስታንግ እንዲህ ያለ ጣጣ የላትም፣ ተራ የሰም ቴርሞስታት ነው ያላት። ለዚህ ነው አንድን የስፖርት መኪና ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር የማይጠቅምህ።

አንድ ነገር ጨምር። ያየኸው 104 የውሃ ሙቀት አይደለም። ስሙ እንደሚለው የሲሊንደር ሄዱ፣ የቴስታታው ብረት ሙቀት ነው። ብረቱ ከውሃው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ፎርድ ይህን የመረጠበት ምክንያት ጎበዝ ነው፦ ውሃው ፈስሶ ቢያልቅ የውሃ ሴንሰር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ውሸት ይነግርሃል፣ የብረቱ ሴንሰር ግን እውነቱን መናገሩን ይቀጥላል።

ወደ ዘይቱ እንሂድ፣ ምክንያቱም በስፖርት መኪና ላይ እኔ የማየው መጀመሪያ ዘይቱን ነው። ሰው ሁሉ ውሃውን ነው የሚያየው፣ ያሳዝናል። ዘይት ክራንኩን ይቀባል፣ ውሃ የማይደርስበትን ቦታ ያቀዘቅዛል፣ ሙቀቱም ከውሃው ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ ቢል አይግረምህ። 5W-30 ሲባል ያ 30፣ የዘይቱን ውፍረት የሚናገረው፣ የሚለካው በ100 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ጫና ሲበዛበት የሚፈተነው ደግሞ በ150 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 112 ላይ ያለ ሲንቴቲክ ዘይት ሥራው ላይ ነው ያለው። እንዲያውም ወደ 100 ካልቀረበ ውስጡ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ተንኖ አይወጣም፤ ሱቅና ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ዘይቱ ቶሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

እኔ የምሠራበት መስመር ይኸውልህ። ዘይት ከ90 እስከ 115 ከሆነ ምንም አልልህም። ጀበል ጃይስ ተራራን በሐምሌ ስትወጣ፣ ወይም ዱባይ አውቶድሮም ላይ ሃያ ደቂቃ ስትጋልብ ከ120 እስከ 130 ቢገባ አልደነግጥም፤ ግን ስትቀንስ መውረድ አለበት። 135 ካለ እግርህን አንሳ። 140 ካለፈ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ፣ ቀዝቀዝ አድርገህ ውጣ፣ ከዚያ በኋላም ዘይቱን ቀይረው። ሲሊንደር ሄዱ ከ85 እስከ 105 ኖርማል፣ ትራፊክ ውስጥ 110 ቢነካ እታገሣለሁ፣ 115 ካለፈ ችግር አለ ብዬ እፈልጋለሁ፣ 120 ካለ ጥግ ይዘህ ቁም። ካምቢዮህ አውቶማቲክ ከሆነ የሱም ሙቀት እዚያው ጌጅ ላይ አለ፣ 90ዎቹ ውስጥ ከሆነ እርሳው።

ስለ ማቃጠል ብቻ ስናወራ ስለ ቅዝቃዜ ማንም አያነሳም። እኔ ከፍቼ ካየኋቸው የተበሉ የስፖርት ሞተሮች ውስጥ ብዙዎቹ የተጎዱት በሙቀት አይደለም፣ ቀዝቃዛ ሆነው በመረገጣቸው ነው። ውሃው በአምስት ደቂቃ 90 ይገባል፣ ዘይቱ ግን አስርና አስራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ቢኤምደብሊው ይህን ስለሚያውቅ ኢ39 ኤም5 እና ኢ46 ኤም3 ላይ የዙር መቁጠሪያው ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች አደረገ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከላይኛው ዙር አካባቢ ብዙዎቹ ይበራሉ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። እንዳየሁት የስፖርት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጌጥ የለም። አንተ መብራቱ ባይኖርህም ቁጥሩ አለህ፦ ዘይቱ 80 ሳይሞላ ከ3000 ዙር በላይ አትውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ኮፈኑን ልከፍት ወዳልኩበት ምክንያት።

ራዲያተር ሙቀት የሚጥለው በውሃውና በውጭው አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው። አየሩ 20 ዲግሪ፣ ውሃው 100 ከሆነ ልዩነቱ 80 ነው። ሻርጃ ላይ አየሩ 45 ሲሆን ልዩነቱ 55 ይቀራል። በሌላ አነጋገር ያው ራዲያተር ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ሳይሠራ ያጣል፤ አስፋልቱ ላይ ያለው አየር ደግሞ ከ45ም በላይ ነው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የኤሲ ኮንደንሰርም የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ መኪኖች፣ እኛ እዚህ ጂሲሲ ስፔክ የምንላቸው፣ ብዙዎቹ ተለቅ ያለ ራዲያተር ወይም ጠንካራ ፋን ይዘው የሚመጡት። ያንተዋ ያ የላትም። ይህ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ የአሜሪካ ስፔክ ሆነው እዚህ በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ እዚያ ተጋጭተው፣ በጨረታ ተሸጠው፣ እዚህ ተጠግነው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተመሳሳይ ሙስታንግ መጣችልኝ። ቀይ፣ የምታበራ፣ ቀለሟ ከመስታወት አይለይም። ባለቤቱ ከእኔ በፊት ራዲያተር ቀይሯል፣ ፖምፓ ቀይሯል፣ ቴርሞስታት ቀይሯል። ያም ሆኖ በ120 ኪሎ ሜትር ስትነዳ 117 ትገባለች፣ ስትቆም ግን ወደ 100 ትወርዳለች። እኔ ሊፍት ላይ ሰቀልኳትና ከሥር በባትሪ አየሁ። ከባምፐሩ ሥር መኖር ያለበት የፕላስቲክ አየር መግቻ የለም። በራዲያተሩ ግራና ቀኝ መኖር ያለባቸው ፕላስቲኮችም የሉም፤ ቦታቸው ባዶ ነው፣ እጄን አስገብቼ በወዲያኛው በኩል ጣቶቼን አየኋቸው። ሻጩ ጋ የጠገናት ሰው ለማየት የሚያምረውን ብቻ ነው የመለሰው። አየሩ እንደ ማንኛውም ሰው ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፣ በራዲያተሩ ውስጥ መግባት ትቶ በጎኑ ሾልኮ ይሄዳል። ያገለገሉ ፕላስቲኮች ከመለዋወጫ ተራ ገዝተን ገጠምን። በሚቀጥለው ቀን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት 98። ሰውዬው ራዲያተሩን በከንቱ እንደቀየረ ሲገባው የሳቀው ሳቅ ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ የምትወስደው ፕላስቲኩን ብቻ እንዳይሆን። የትና መቼ ነው የሚሞቀው የሚለው ከቁጥሩ ይበልጣል። ቆመህ ሲሞቅና ስትሄድ ሲቀዘቅዝ ፋኑን ጠርጥር፣ ወይም በራዲያተሩና በኮንደንሰሩ መሃል የተጠቀጠቀውን አሸዋና ቆሻሻ። ስትሄድ ሲሞቅና ስትቆም ሲቀዘቅዝ የአየር መንገዱን ወይም የውሃ ፍሰቱን ጠርጥር። ዳገት ላይ ወጥቶ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ወጥቶ አልመለስ ካለ፣ በየጊዜው ትንሽ ውሃ እያነሰ ከሄደ፣ ጠዋት ስታስነሳ ቱቦዎቹ ቀድመው የሚደድሩ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ አስፈትሽ፤ ያ ሲሆን ነው እኔም ፊቴ የሚቀየረው።

ቴርሞስታቱ። ጓደኛህን አልፈርድበትም፣ እኔም ሶማሌ ተራ አካባቢ ሙያ ስማር የተማርኩት እሱን ነው። «ሞቀ?» «ቴርሞስታቱን አውጣው!» መለዋወጫ በሌለበት፣ ዝገት የበዛበት አሮጌ ሞተር ላይ ለጊዜው ያስተነፍሳል። ያንተ ሞተር ላይ ግን ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ቀላል ስትነዳ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ያበዛል። የተረፈው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስትም ይበላል። ሁለተኛ፣ ፒ0128 የሚባል ኮድ አውጥቶ የሞተር መብራት ያበራብሃል። ሦስተኛው ሰው የማያምነኝ ነው፦ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በጀርባው ያለችው ሳህን ሌላውን አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። ካወጣኸው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ይገባል። በክረምት ትበርዳለች፣ በሚያስፈልግህ ቀን ደግሞ የባሰ ትግላለች። ተጣብቋል ብለህ ከጠረጠርክ በአዲስ ቀይረው፣ በቃ።

ጉልበቷ ከሰዓት ይቀንሳል ብለህም ጠይቀህ ነበር መጨረሻ ላይ። እሱ ሞተሩ ስለጋለ አይደለም፣ የሚተነፍሰው አየር ስለሞቀ ነው። ትራፊክ ውስጥ ኮፈኑ ሥር ያለው አየር 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሞቃት አየር ቀጭን ነው፣ ማንኳኳትም ያመጣል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩን ለማዳን የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል። ጌጅህ ላይ የመግቢያ አየር ሙቀትም አለ፣ ተመልከተው። በዚህ ሙቀት 91 ኦክታን ቤንዚን አትቅዳ፤ 95 ይበቃል፣ ስትጋልባት 98። አሜሪካ ፓምፕ ላይ 91 የሚሉት እዚህ 95 ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ አቆጣጠራቸው ስለሚለይ ነው፣ እንዳትሸወድ።

የእውነት ከጋለችብህ ምን ታደርጋለህ? ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈት፣ መስኮት አውርድ። በነሐሴ ገሃነም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ጥግ ይዘህ አጥፋት። ሳትሰማ ብትቀጥል ፎርድ ለአንተ ያስብልሃል፦ ሲሊንደሮቹን እያፈራረቀ ነዳጅ ይነሳቸዋል፣ ያለ ነዳጅ የሚዞሩት አየር እየሳቡ ሞተሩን ያበርዳሉ። ጉልበቷ ይወድቃል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ክዳኑን ግን በፍጹም አትክፈት። ቀኝ እጄ ላይ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ የሚሄድ ጠባሳ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ «ትንሽ ብቻ» ብዬ ነው የከፈትኩት። ግፊቱ በወረደባት ቅጽበት 105 ላይ የነበረው ውሃ በሙሉ በአንዴ ፈላ። ጨርቁ ጣራ ላይ ነው የተገኘው።

እንግዲህ ያንተ የቤት ሥራ ቀላል ነው። ሻርጃ ዓርብም እረፍት ስለሆነ ዓርብ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ሞተሩን በደንብ አሙቅና ኤሲ እንደበራ አስር ደቂቃ ቆመህ ቁጥሩን በስልክህ አንሳ። ከዚያ አስር ደቂቃ በ120 ነድተህ ሁለተኛውን አንሳ፤ ሰው ከጎንህ ካለ እሱ ያንሳልህ። ሦስተኛውን ደግሞ ቆመህ ከአምስት ደቂቃ በኋላ። በረደች ብለህ ስታምን፣ ማለትም ከሰዓት፣ ከፊት ለፊቷ ተንበርክከህ ከባምፐሩ ሥርና ከራዲያተሩ ጎን ፎቶ አንሳልኝ። አራቱንም እዚህ ለጥፋቸው፣ ፕላስቲኩ ካለ ቁጥሩን ብቻ አይቼ እመልስልሃለሁ፣ ከሌለ ደግሞ የትኛውን ቁራጭ መግዛት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።